ጠብመንጃን በቤት ስለ መወልወልና ስለ መጠበቅ

(ከደብረ ወርቅና ከአካባቢዋ በመጣን ተማሪዎች ስም በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደ ሣቁ ሰምተናል። «ስለ ኤኮኖሚ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ አገር ዕድገት መነጋገር ሲቻል ጠብመንጃ መወልወል ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ይኸንንስ ባላገሩ ሁሉ ያውቀው የለምን?» ብለዋል አሉ። በመሣቃቸው አልተቀየምንም። ነገር ግን የምንመልሰው ቃል አለን፤ ይኸውም ባላገሩ ሁሉ ያውቀዋል የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነው ነገር ባልሆነ ነበር የሚል ነው።

የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ለዕረፍት ወደ ደብረ ወርቅ በሄድን ጊዜ፣ ከአያታችን የተወረሰው ምንሽር እንደ ወትሮው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። በሰኔ አንድ ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ በረት ቢመጣ ታላቅ ወንድማችን ይዞት ወጥቶ ነበርና፣ ዝናብ ስለ ነካው ዝጓል፤ ስለዚህ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ሊወለውለው አወረደው። ከታች አገላብጦ አየና ካርታ የለበትም፤ «ባዶ ነው» አለ። ከጉልበቱ ላይ አስተኝቶ በጨርቅ ሲያብሰው ጨርቁ ቃታውን ጎተተው። ጥይቱ እንጀራ በምትጋግረው እናታችንና ከአጠገቧ በተቀመጠችው ታናሽ እኅታችን መካከል አልፎ የጤፉን ጎታ በሳው። ጤፉ በቀዳዳው ይወርድ ጀመር። እናታችን ምንም ሳትናገር ሰፌድ አምጥታ ታፍሰው ጀመር፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባታችን ከውጭ ሮጠው ገቡ። ሁሉም ደኅና መሆኑን ካዩ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተ ይኸን ያህል ዘመን ተምራችኋል፤ ባዶ የሆነ ጠብመንጃ እንዴት ይተኩሳል? እስቲ ንገሩኝ» አሉ። ፊዚክስም ኬሚስትሪም የተማርን ሰዎች መልስ አልነበረንም። ይኸን ንግግር ያዘጋጀነው በዚያ ቀን ስላፈርን ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

አንድ ነገር አስቀድመን እናስታውቅ። ስለ ጦርነት ልንናገር አልተነሣንም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን ጎጃም ያየችው ሐዘን ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ስለ እርሱ የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። እኛ የምንናገረው በየጎጆው ስለ ተሰቀለው፣ ከአያት ስለ ተወረሰው አሮጌ ብረትና በሥሩ ስለሚተኙት ልጆች ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። በአያቶቻችን ዘመን ስሙ የገነነው ውጅግራ ነበር። ይህ ጠብመንጃ ፈረንሳዮች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 የሠሩት፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስና በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ጭስ የሌለውን ባሩድ አገኘ። ይህ ባሩድ ከጥቁሩ ይልቅ ኀይለኛ ስለ ሆነ አረሩን በብዙ ፍጥነት ለመወርወር ተቻለ፤ ስለዚሁም አረሩ ትንሽ፣ አፈሙዙም ጠባብ ሊሆን ቻለ። ጣሊያኖች በ1891 ያወጡት ጠብመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የውጅግራ አረር 25 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የዚህኛው ዐሥር ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ነገር ግን በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይበርራል። ከጎታው አልፎ ከኋላ ያለውን ግድግዳ የበሳው ይኸው ትንሽ አረር ነው።

ይህ የጣሊያን መሣሪያ ወደ ጎጃም በብዛት የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው በወረራው ዘመን ነው። በቢቸና በኩል ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ሌሎቹ አርበኞች ከጠላት እየማረኩ ታጥቀውታል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ይህ ብረት የአያት ታሪክ ነው፤ ሲዝግ ታሪክ ይዝጋል። ነገር ግን ታሪክ ነው ተብሎ ሰው እንዲገድል መተው አይገባም።

እንግዲህ ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ባዶ የተባለው እንዴት ተኮሰ? በዚህ ዐይነት ጠብመንጃ ስድስቱ ጥይቶች በአንድ ካርታ ታስረው ይገባሉ። የመጨረሻው ጥይት ከካርታው ወጥቶ ወደ ጉሮሮው በገባ ጊዜ ካርታው በራሱ በታች በኩል ይወድቃል። ይኸውም ማለት ከታች ሲያዩት ባዶ ሆኖ፣ ጉሮሮው ግን አንድ ጥይት ጎርሶ ሊገኝ ይችላል። ወንድማችን ያየው የካርታውን ቤት ነው፤ ጉሮሮውን አላየም። ለሁለት ወር ያህል በቤታችን ውስጥ የጎረሰ ጠብመንጃ ተሰቅሎ እኛ በሥሩ ስንበላና ስንተኛ ነበር።

ስለዚህ የመወልወል ሥራ የሚጀመረው በጨርቅ አይደለም፤ ባዶ በማድረግ ነው። አንደኛ፣ ጠብመንጃውን ከቤት ወደ ውጭ አውጥቶ አፈሙዙን ሰውም ከብትም ወደሌለበት፣ በተለይም ወደ አፈር ማዞር ነው። ሁለተኛ፣ ጣትን ከቃታው ማራቅ ነው። ሦስተኛ፣ የመዝጊያውን እጀታ አንሥቶ ወደ ኋላ ፈጽሞ መጎተት ነው፤ በጉሮሮው ጥይት ካለ በዚህ ጊዜ ተስቦ ይወጣል። አራተኛ፣ ካርታ ካለበት ከቃታው ፊት ያለችውን ቁልፍ በመጫን ማውጣት ነው። አምስተኛ፣ ጉሮሮውን በዐይን አይቶ ደግሞ ትንሿን ጣት አግብቶ መዳሰስ ነው፤ ቤቱ ጨለማ ሲሆን ዐይን ይሳሳታልና። ስድስተኛ፣ የወጣውን ጥይት ሁሉ ቈጥሮ ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ነው። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ውልወላው ይገባል። መዝጊያውን ጨርሶ ለማውጣት ቃታውን ስቦ ይዞ ወደ ኋላ መጎተት ያስፈልጋል። እንግዲህ በሥራው ውስጥ ቃታ የሚነካበት ጊዜ ስላለ፣ አስቀድሞ አለመመርመር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ቀጥለን የብረቱን ጠላቶች እንመልከት። ብዙ ሰው ብረት የሚያዝገው ዝናብ ብቻ ይመስለዋል። በክረምት አንድም ቀን ከቤት ያልወጣ ጠብመንጃ ለምን ውስጡ ቀልቶ ይገኛል? ምክንያቱ ከጥይቱ ነው። በአሮጌው የጦር ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ ባለችው መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ነገር አለ። ይህ ነገር በተቃጠለ ጊዜ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ይህም የገበታ ጨው ወንድም የሆነ ጨው ነው። ከተኩስ በኋላ ይህ ጨው በቱቦው ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል። እናቶቻችን አሞሌ ጨው በክረምት ሲያልበው አይተዋል፤ ጨው ከአየር ውሀ ይስባልና። በጠብመንጃው ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ተተኩሶ የተሰቀለ ጠብመንጃ፣ ዝናብ ሳይነካው እርጥበት ከአየር እየሳበ ከውስጥ ይበላል።

ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ይህን ደጋግመን ብንናገረው አይሰለቸንም። ላምባም አያሟሟውም። ብዙ ጠንቃቃ ሽማግሌ ከተኩስ በኋላ ዘይት ቀብቶ ይሰቅላል፤ ጨውን ግን ከዘይቱ ሥር ይተወዋል። ጨውን የሚያሟሟው ውሀ ነው። ብረትን ለማዳን ውሀ ማፍሰስ ሞኝነት ይመስላል፤ አባታችንም ይህን በነገርናቸው ጊዜ በመጀመሪያ «ዩኒቨርሲቲ ይኸን ነው የሚያስተምረው?» ብለው ነበር። ምክንያቱን ከአሞሌው ጋር አስተያይተን ባስረዳናቸው ጊዜ ግን ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «እውነት ነው፤ ጨው በቅቤ አይታጠብም» አሉ። ከእርሳቸው የበለጠ አጭር ማስረጃ አላገኘንም።

ሥራው እንዲህ ነው። መዝጊያው ከወጣ በኋላ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ በሳፋ ውስጥ ማቆም፤ የፈላ ውሀ በሻይ ማንቆርቆሪያ ከጉሮሮው በኩል ቀስ እያደረጉ ማፍሰስ ነው። (የጀበና አፍ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን ጀበናዋን ለጠብመንጃ የምትሰጥ እናት በደብረ ወርቅ አላገኘንም።) ውሀው ወደ እንጨቱ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። በእኛ ደጋ ውሀ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ጨውን ለማሟሟት ግን በቂ ነው። የፈላ እንዲሆን የምንፈልገውም ቱቦውን አሙቆ ፈጥኖ እንዲደርቅ ስለሚያደርግ ነው። ብረቱ እጅን ስለሚያቃጥል በጨርቅ ይያዝ። የመዝጊያው ፊትም እንዲሁ በሙቅ ውሀ በተነከረ ጨርቅ ይታበስ፤ ጨው እዚያም አለና።

ከዚህ በኋላ መወልወያው ይመጣል። መወልወያው ቀጥ ያለ ይሁን፤ ከብረት ይልቅ ናስ ወይም ለስላሳ እንጨት ይሻላል። በጫፉ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ንጹሕ ጨርቅ ተጠምጥሞ ከጉሮሮው ወደ አፈሙዙ ይገፋል፤ ከአፈሙዙ ወደ ውስጥ አይደለም። አፈሙዙ አረሩ የሚሰናበትበት የመጨረሻው ጠርዝ ስለ ሆነ፣ በመወልወያ ከተፋቀ ጠብመንጃው ኢላማውን ይስታል። የ6.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጠባብ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮችም ቀጫጭን ስለ ሆኑ በውጅግራ የማይታወቅ ጥቂት እድፍ በዚህኛው ይታወቃል። ስለዚህ ጨርቁ ወፍሮ በመካከል እንዳይወተፍ ትንሽ ትንሽ ይሁን። ጨርቁ ነጭ ገብቶ ነጭ እስኪወጣ ድረስ መለዋወጥ፣ በመጨረሻም ጥቂት ዘይት ባለበት ጨርቅ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው። በማግሥቱ አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ጊዜ ማየት ይገባል፤ ጨርቁ ቀይ ይዞ ከወጣ ጨው ቀርቷልና ከውሀው ይጀመር።

ስለ ዘይቱ ዐይነት በዝርዝር እንናገራለን፤ ስሕተቱ የበዛው እዚህ ላይ ነውና። ቅቤ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ያልተነጠረ ቅቤ በውስጡ ብዙ ውሀ አለው፤ ሲቆይም ይበላሽና አሲድ ይሆናል። የኑግ ዘይት ለወጥ የሚያስመሰግን ቢሆንም ለብረት ግን አይሆንም፤ በአየር ውስጥ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቅና መዝጊያውን ያጣብቃል። የተልባ ዘይትም እንዲሁ ይደርቃል፤ ይሁን እንጂ ይህ ጠባዩ ለእንጨት በረከት ነው። ሰደፉን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በተልባ ዘይት በስሱ ቢያሹት ውሀ አይጠጣም፣ አይሰነጠቅም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አሲድና ቆሻሻ ስላለበት ይቅር። ላምባ የደረቀ ዘይትና እድፍ ለማስለቀቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በንኖ ስለሚጠፋ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል፤ ከእርሱ በኋላ ዘይት መከተል አለበት። ከሁሉ የሚሻለው በቀላሉ የሚገኘው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። ከገበያው ልብስ ሰፊ ዘንድ ጥቂት ጠብታ ለምኖ ማግኘት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ጥቂት ነው። የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

በአመድ ወይም በአሸዋ መፈተግ ለድስት እንጂ ለጠብመንጃ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ይፈትገዋል፤ የሚያብለጨልጨው ከዝገት የሚከለክለው ጥቁር ልባሱ ስለ ወለቀ ነው። አፈሙዙን አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ መወተፍም የተለመደ ነው። ጨርቁ እርጥበትን በውስጥ ያፍናል፤ ከዚህም የከፋው በድንጋጤ ሌሊት ጨርቁን ረስቶ የተኮሰ ሰው ቱቦው በፊቱ ሊፈነዳበት ይችላል። ዘይት ያለበት ቱቦም ከመተኮሱ በፊት በደረቅ ጨርቅ ይታበስ። ጥይትን ግን ዘይት መቀባት ፈጽሞ አይገባም፤ ዘይቱ ወደ መለኮሻዋ ገብቶ ያበላሻታል። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ወይም አንገቱ የተሰነጠቀ ጥይት አይተኮስ። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልጮኸም «ከሸፈ» ብሎ ወዲያው መክፈት አደጋ አለው፤ ዘግይቶ የሚነሣ አለና አፈሙዙን ወደ አፈር እንዳዞሩ ከግማሽ ደቂቃ በላይ መታገሥ ይገባል።

መሰንጠቅ ወይም ማበጥ የታየበት ቱቦ ወደ እሳት ተወስዶ መቀጥቀጥ የለበትም፤ እሳት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋልና። እንዲህ ያለው ጠብመንጃ ተኩሶውን ጨርሷል፤ ከግድግዳ ላይ ታሪኩን ይናገር። ይህን ስንል አንጥረኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ማረሻውን የሚያሾልልን፣ የተሰበረውን ማንገቻ ቀለበት የሚሠራልን እርሱ ሳለ፣ በአገራችን ስንት ዘመን በስድብ ስም እንደ ተጠራ እናውቃለን። ብረትን የሚያውቅ ሰው በተናቀበት አገር ብረት በድንቁርና ቢያዝ ምን ይገርማል? እኛም ተማሪዎች ከዚህ ኀጢአት ነጻ አይደለንም፤ የብረትን ዝገት በመጽሐፍ ቀመር ጽፈን እናውቃለን፤ በእጃችን ግን ጨርቅ ይዘን አናውቅም ነበር።

የማስቀመጡ ነገር ይቀራል። ምድጃ ባለበት ቤት ከምሰሶ ላይ የተሰቀለ ብረት ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ጥቀርሻውም እርጥበት ይይዛል። በቆዳ ልባስ ውስጥ መክተትም አይመከርም፤ ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና እርጥበት ብረቱን ይበላዋል። ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ስፍራ፣ የተቈለፈ ሳጥን ወይም ቁም ሣጥን ቢገኝ መልካም ነው። ጥይቱ ደግሞ ለብቻው በሌላ ቁልፍ ይሁን፤ ቁልፉም በቤቱ አዋቂ እጅ እንጂ በምስማር ላይ አይንጠልጠል። የስድስት ዓመት ልጅ አባቱ ሲያቀባብል አይቶ በሁለተኛው ቀን ይማረዋል፤ ልጆች ያልነገሩአቸውን ይማራሉና።

ሕጉንም መርሳት አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝ ያለ ፈቃድ እንደማይቻል ይደነግጋል። ከአያት ተወርሷል ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ወንድሞችና እኅቶች፤

በጎጃም ጠብመንጃ የወንድነት ጌጥ ነው ይባላል። እኛ ይኸን ለመከራከር አልመጣንም። ነገር ግን በዚያ ቀን ጥይቱ አንድ ክንድ ወደ ግራ ቢያልፍ ኖሮ ወንድማችን እናቱን የገደለ ሰው ተብሎ ይኖር ነበር። ግድግዳውን አልፎ የጎረቤት ልጅ ቢመታ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ፣ ደም ለማድረቅ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር? ሳያውቅ ነው ማለት ደሙን አያደርቀውም። ይህ ሁሉ የሚቀረው ትንሿን ጣት ወደ ጉሮሮው አግብቶ በመዳሰስ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በቤታችን የተሰቀለ መሣሪያ እንዳለ እንጠይቅ። ካለ ከአባቶቻችን ጋር ወደ ውጭ አውጥተን እንመርምረው፤ እኛ እናስተምራችሁ ብለን ሳይሆን አብረን እንሥራ ብለን። ማኅበሩም ባዶ የማድረጉን ስድስት ነገሮች በአንድ ገጽ አባዝቶ ቢያድለን ለቤተሰቦቻችን እናነብላቸዋለን።

በቤታችን የጎታው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። እናታችን ግን ጭቃው ላይ እበት እንዲለቀለቅበት አልፈቀደችም፤ ስፍራው እንዲታይ ትፈልጋለች። ምንሽሩ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ በሳጥን ተቈልፏል፤ ጥይቶቹ ተቈጥረው በሌላ ሳጥን ናቸው። አባታችን ሳጥኑን በከፈቱ ቍጥር አስቀድመው ትንሿን ጣታቸውን ወደ ጉሮሮው ያገባሉ። ባዶ መሆኑን ራሳቸው ያስቀመጡት ስለ ሆነ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ይዳስሳሉ።